ድፍርስ ፈሳሽና የዝልግልግነቱ ልክ

ፈሳሽ ሁሉ ይፈሳል፤ ነገር ግን የሁሉም አፈሳሰስ አንድ ዓይነት አይደለም። ውሃ ከተያዘበት ዕቃ ሲገለበጥ ወዲያው ወርዶ ያልቃል። ዘይት ትንሽ ዘግየት ይላል። ማር ደግሞ ክር እየመሰለ በዝግታ ይወርዳል። የሦስቱም ዕቃ አንድ፣ የተገለበጡበትም ሁኔታ አንድ ሆኖ ሳለ ልዩነቱ ከምን መጣ? አንድ ፈሳሽ ሲፈስ እንደ መጽሐፍ ገጾች የተነባበሩ ስስ ሽፋኖች አንዱ በሌላው ላይ እየተንሸራተቱ እንደሚሄዱ አድርገን ልናስበው እንችላለን። ሽፋኖቹ ሲንሸራተቱ እርስ በርሳቸው ይፋተጋሉ፤ ፍትጊያውም ፈሳሹን ወደ ኋላ ይይዘዋል። ፈሳሽ መፍሰስን የሚቃወምበት ይህ ጠባይ ዝልግልግነት ይባላል። በሳይንስ መጻሕፍት ቪስኮሲቲ እየተባለ የሚጠራውም ይኸው ነው።

በዕለት ተዕለት ንግግራችን ይህንኑ ጠባይ «ወፍራም» እና «ቀጭን» በሚሉት ቃላት እንገልጸዋለን። ወጡ ቀጠነ፣ ሊጡ ወፈረ እንላለን። ለወጥ ቤት ሥራ ይህ አነጋገር በቂ ነው፤ የባለሙያዋ ዓይንና እጅ ከመሣሪያ ያላነሰ ይፈርዳሉና። ለሐኪም፣ ለመሐንዲስና ለፋብሪካ ሠራተኛ ግን «ወፍራም ነው» ማለት አይበቃም። «ምን ያህል ይወፍራል?» የሚለው ጥያቄ በቁጥር መመለስ ይኖርበታል። የዚህም ጽሑፍ ዓላማ በውስጣቸው ያልሟሙ ቅንጣቶችን የያዙ ፈሳሾች ዝልግልግነት እንዴት እንደሚለካ፣ ልኬቱም ስለምን ልዩ ጥንቃቄ እንደሚያሻው ማስረዳት ነው። ዋናው ምሳሌያችን ሁላችንም በሥሮቻችን ይዘነው የምንዞረው ደም ይሆናል። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ በሁለት ዓይነት ፈሳሾች መካከል ያለውን ልዩነት መገንዘብ ይገባል። ስኳር በውሃ ውስጥ ሲጨመር ይሟሟል፤ ከዚያ በኋላ ቅንጣቱ በዓይንም ሆነ በተራ ማይክሮስኮፕ አይታይም። የስንዴ ዱቄት በቀዝቃዛ ውሃ ሲበጠበጥ ግን አይሟሟም። ቅንጣቶቹ በውሃው ውስጥ እንደ ተበተኑ ይቆያሉ፤ ሳይነካ ሲቀመጥም ቀስ በቀስ ይዘቅጣሉ። እንዲህ ያለውን ፈሳሽ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ድፍርስ ፈሳሽ እንለዋለን። የጤፍ ሊጥ፣ የግድግዳ ቀለም፣ በውሃ የተበጠበጠ ሲሚንቶ፣ የክረምት ጎርፍ፣ ደምም ጭምር ድፍርስ ፈሳሾች ናቸው።

ዝልግልግነትን ለማወዳደር ቀላሉ ዘዴ ጊዜን መቁጠር ነው። በአንድ የቆርቆሮ ጣሳ ሥር በምስማር አንዲት ቀዳዳ እንበሳለን። ጣሳውን እስከ አንድ ምልክት ድረስ በውሃ ሞልተን፣ ውሃው ፈስሶ እስኪያልቅ ድረስ ስንት ሴኮንድ እንደ ፈጀ በሰዓት እንቆጥራለን። ቀጥሎም በዚያው ጣሳ ዘይት ሞልተን ስንቆጥር ጊዜው ይረዝማል። በጉድጓድ ቁፋሮ ሥራ ላይ የሚያገለግለው የማርሽ ፈነል የሚሠራው በዚሁ ሐሳብ ነው። መሣሪያው በ1931 የተዋወቀ፣ አፈ ሰፊና ሥረ ጠባብ ዕቃ ነው። ከእርሱ ውስጥ 946 ሚሊ ሊትር ንጹሕ ውሃ ለመውረድ 26 ሴኮንድ ያህል ይፈጅበታል። ቆፋሪዎች የሚጠቀሙበት ከሸክላ አፈርና ከውሃ የተበጠበጠ ጭቃ ግን ከዚህ የበለጠ ጊዜ ይወስዳል። ጭቃው እጅግ ከቀጠነ የተፈጨውን ድንጋይ ከጉድጓዱ ሥር ይዞ ሊወጣ አይችልም፤ እጅግ ከወፈረም ወደ ጉድጓዱ ገፍቶ ለማስገባት ያስቸግራል። ስለዚህ ቆፋሪዎቹ በየጊዜው ይለኩታል።

አሁን ደግሞ በጣሳችን ድፍርስ ፈሳሽ እንለካ። ዱቄቱን በውሃ በጥብጠን ወዲያው ብንለካው አንድ ቁጥር እናገኛለን። ያንኑ ብጥብጥ አሥር ደቂቃ ያህል ጣሳው ውስጥ አቆይተን ቀዳዳውን ብንከፍተው ደግሞ የምናገኘው ቁጥር ሌላ ነው። ዱቄቱ ከሥር ስለሚዘቅጥ ቀዳዳውን ያጠበዋል፤ አንዳንድ ጊዜም ፈጽሞ ይደፍነዋል። ፈሳሹ ያው፣ ጣሳው ያው፣ ለኪውም ያው ሆኖ ሳለ ውጤቱ ሁለት ሆነ። ታዲያ ትክክለኛው የቱ ነው? የድፍርስ ፈሳሽን ልኬት አስቸጋሪ የሚያደርገው ይህ ጥያቄ ነው። መልሱን ለማግኘት የልኬቱን ታሪክ ከመነሻው መመልከት ይጠቅማል።

ፈሳሽ በቀጭን ቱቦ ውስጥ የሚያልፍበትን ሕግ በጥንቃቄ ከመረመሩት ሰዎች አንዱ ዣን ፕዋዜይ የተባለው የፈረንሳይ ሐኪም ነበር። ፕዋዜይን ለዚህ ምርምር ያነሣሣው ደም በቀጫጭን የደም ሥሮች ውስጥ እንዴት እንደሚያልፍ ለማወቅ የነበረው ፍላጎት ነው። በ1840 ይፋ ያደረገው ውጤት የተገኘው ግን በአመዛኙ ውሃን በቀጫጭን የብርጭቆ ቱቦዎች ውስጥ በማሳለፍ ነበር። ያገኘውም ሕግ እንዲህ የሚል ነው፤ በአንድ ጊዜ ውስጥ የሚያልፈው ፈሳሽ ግፊቱ ሲጨምር በዚያው መጠን ይጨምራል፤ ቱቦው ሲረዝም ይቀንሳል፤ የቱቦው የውስጥ ስፋት በግማሽ ሲቀንስ ግን የሚያልፈው ፈሳሽ ወደ አሥራ ስድስተኛ እጅ ይወርዳል። የቱቦው ስፋትና ርዝመት፣ እንዲሁም ግፊቱ ከታወቀ የፈሳሹን ዝልግልግነት ከፍሰቱ መጠን አስልቶ ማግኘት ይቻላል። የሚለካበትም መስፈሪያ ሚሊ ፓስካል ሴኮንድ ይባላል። የውሃ ዝልግልግነት በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 1 ያህል፣ በሰው የሰውነት ሙቀት ማለትም በ37 ዲግሪ ደግሞ 0.7 ያህል ነው።

ሁለተኛው ዘዴ የመዞሪያ ዘዴ ነው። በ1890 ሞሪስ ኩዌት የተባለው ፈረንሳዊ የፊዚክስ ምሁር የገለጸው መሣሪያ ሁለት ሲሊንደሮች አንዱ በሌላው ውስጥ ገብተው የተሠራ ነበር። በሁለቱ መካከል ባለው ጠባብ ክፍተት ውስጥ ፈሳሽ ይደረጋል። የውጭው ሲሊንደር ሲዞር ፈሳሹ እየተጎተተ በሽቦ የተንጠለጠለውን የውስጡን ሲሊንደር ለማዞር ይሞክራል፤ ሽቦውም ይጠመዘዛል። ፈሳሹ ይበልጥ ዝልግልግ በሆነ መጠን ሽቦው ይበልጥ ይጠመዘዛል። የዚህ ዘዴ ትልቁ ጥቅም የመዞሪያውን ፍጥነት እንደ ልብ ለመለዋወጥ ማስቻሉ ነው። ይህም ጥቅም ወደ ኋላ ስለ ደም ስንናገር በግልጽ ይታያል።

እንግዲህ መሣሪያዎቹን ካወቅን፣ በፈሳሽ ውስጥ የተበተነ ቅንጣት ምን እንደሚያደርግ እንጠይቅ። ጠንካራ ቅንጣት እንደ ፈሳሽ አይለጠጥም፤ አይተጣጠፍም። ስለዚህ በዙሪያው ያለው ፈሳሽ እርሱን እየዞረ ለማለፍ ይገደዳል፤ ፍትጊያውም ይጨምራል። ይህን ጭማሪ በስሌት ያገኘው አልበርት አይንሽታይን ነው። አይንሽታይን በ1905 ለዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ባቀረበውና በ1906 በታተመው የዶክትሬት ጽሑፉ፣ በፈሳሽ ውስጥ ክብ ቅንጣቶች ሲበተኑ ዝልግልግነቱ ምን ያህል እንደሚጨምር የሚያሳይ ቀመር አወጣ። ነገር ግን በፓሪስ በዣን ፔራን ቤተ ሙከራ ይሠራ የነበረው ዣክ ባንስላን በመሣሪያ ሲለካ ያገኘው ጭማሪ ቀመሩ ከሚለው እጅግ የበለጠ ሆነ። አይንሽታይንም ስሌቱን እንዲመረምርለት ሉድቪግ ሆፍ የተባለውን ባልደረባውን ጠየቀው፤ ሆፍም በስሌቱ ውስጥ የተደበቀውን ስሕተት አገኘው። እርማቱ በ1911 ታተመ። በታረመው ቀመር መሠረት ቅንጣቶቹ ከጠቅላላው ይዘት ከመቶ አንድ እጅ ሲይዙ ዝልግልግነቱ ከመቶ ሁለት ተኩል ይጨምራል። ከዚህ ታሪክ የምንማረው ታላቅ ነገር አለ፤ የአይንሽታይንን የመሰለ አእምሮ ያወጣውን ስሌት እንኳ ያስተካከለው በቤተ ሙከራ የተደረገ ትዕግሥት የተሞላበት ልኬት ነበር።

የታረመው ቀመር ዓይናችን ምን ያህል ሊያታልለን እንደሚችልም ያሳየናል። የክረምት ጎርፍ ቀልቶና ደፍርሶ ሲወርድ ስናየው ከንጹሕ ውሃ ይልቅ እጅግ የወፈረ ይመስለናል። በአንድ ሊትር ጎርፍ ውስጥ 10 ግራም አፈር አለ እንበል። ይህ አፈር የሚይዘው ቦታ 4 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ ማለትም ከሺህ አራት እጅ ብቻ ነው። ስለዚህ የውሃው ዝልግልግነት የሚጨምረው ከመቶ አንድ ያህል ነው። የውሃው ሙቀት በአንድ ዲግሪ ሲቀንስ እንኳ ዝልግልግነቱ ከመቶ ሁለት በላይ ይጨምራል። እንግዲህ ሙቀቱን በጥንቃቄ ያልለካ ሰው የአፈሩን ውጤት ከሙቀቱ ውጤት ለይቶ ሊያውቅ አይችልም። መደፍረስ ሌላ፣ መወፈር ሌላ ነው።

ይሁን እንጂ የአይንሽታይን ቀመር የሚያገለግለው ቅንጣቶቹ ጥቂት፣ ክብና እርስ በርሳቸው የተራራቁ ሲሆኑ ብቻ ነው። ሲበዙ አንዱ የሌላውን መንገድ ይዘጋል፤ ዝልግልግነቱም በፍጥነት ያሻቅባል። ጠንካራ ክብ ቅንጣቶች በዘፈቀደ ተጠጋግተው ከጠቅላላው ይዘት ከመቶ 64 ያህል ሲይዙ ከእንግዲህ ወዲህ ብጥብጡ አይፈስም፤ ይቆማል።

አሁን ወደ ደም እንመለስ። ደም ፕላዝማ ከሚባለው ቀለሙ ወደ ቢጫ ከሚያደላ ፈሳሽና በእርሱ ውስጥ ከተበተኑ ሕዋሳት የተሠራ ነው። ከሕዋሳቱ የሚበዙት ቀይ የደም ሕዋሳት ናቸው፤ እነርሱም በጤነኛ ወንድ ከደሙ ይዘት ከመቶ 45፣ በጤነኛ ሴት ደግሞ ከመቶ 40 ያህሉን ይይዛሉ። የአንዱ ሕዋስ ስፋት ከአንድ ሚሊ ሜትር ሺህ እጅ ስምንቱ ያህል ነው። በ37 ዲግሪ የፕላዝማ ዝልግልግነት 1.2 ያህል ነው። በአይንሽታይን ቀመር ብናሰላ የደሙ ዝልግልግነት 2.5 ያህል ብቻ መሆን ነበረበት። ደም በፍጥነት ሲፈስ በመሣሪያ ሲለካ ግን ከ3 እስከ 4 ይደርሳል። ሕዋሳቱ እንደ ድንጋይ ጠንካሮች ቢሆኑ ኖሮ ከዚህም እጅግ ይበልጥ ነበር። ቀይ ሕዋስ ግን ለስላሳና ተጣጣፊ ስለሆነ በፍሰቱ አቅጣጫ እየተለጠጠ ያልፋል።

የመዞሪያውን መሣሪያ ፍጥነት ስንቀንስ ደግሞ አንድ አስደናቂ ነገር ይታያል። ደሙ ዝግ ባለ መጠን ይወፍራል። እጅግ በዝግታ ሲንቀሳቀስ ዝልግልግነቱ በፍጥነት ሲፈስ ከነበረው ከአሥር እጥፍ በላይ ሊሆን ይችላል። ምክንያቱም በዝግታ ጊዜ ቀይ ሕዋሳቱ እንደ ተደረደረ ሣንቲም አንዱ በሌላው ላይ እየተለጠፉ ረዣዥም ድርድሮችን ይሠራሉ። ፍጥነቱ ሲጨምር ድርድሮቹ ይበታተናሉ፤ ደሙም ይቀጥናል። በውሃ ላይ ይህ አይታይም፤ ውሃ በዝግታም ሆነ በፍጥነት ሲፈስ ዝልግልግነቱ ያው ነው። ስለዚህ «የውሃ ዝልግልግነት በ20 ዲግሪ ስንት ነው?» ብሎ ለሚጠይቅ አንድ መልስ አለው። «የደም ዝልግልግነት ስንት ነው?» ለሚል ሰው ግን መልሱ «በምን ያህል ፍጥነት ሲፈስ?» የሚል ሌላ ጥያቄ ነው።

የቱቦውም ስፋት እንደዚሁ ውጤቱን ይለውጣል። በ1931 ፎሬዩስና ሊንድክቪስት የተባሉ ስዊድናውያን ተመራማሪዎች ደምን በልዩ ልዩ ቱቦዎች አሳልፈው ለኩ። የቱቦው የውስጥ ስፋት ከ0.3 ሚሊ ሜትር በታች ሲሆን ደሙ እየቀጠነ የሄደ መስሎ ታያቸው። በሚፈስበት ጊዜ ሕዋሳቱ ወደ ቱቦው መካከል ይሰበሰባሉ፤ በግድግዳው ዳር የሚቀረው ሕዋስ አልባ የሆነ ስስ የፕላዝማ ሽፋን ነው። ያም ሽፋን እንደ ቅባት ሆኖ ደሙን ያንሸራትተዋል። ቱቦው በጠበበ መጠን የሽፋኑ ድርሻ ስለሚበልጥ ደሙ የቀጠነ ይመስላል። ለሰውነታችን ይህ ትልቅ ጥቅም ነው፤ ልብ ደምን በቀጫጭን ሥሮች ለማሳለፍ የሚያወጣው ጉልበት ይቀንስለታልና። ለለኪው ግን ወጥመድ ነው። ይህን ያልተገነዘበ ሰው በጠባብ ቱቦ ለክቶ «ይህ ደም ቀጭን ነው» ብሎ ሊፈርድ ይችላል።

እስካሁን ከተባለው በመነሣት ድፍርስ ፈሳሽን የሚለካ ሰው ሊጠነቀቅባቸው የሚገቡትን ነገሮች ባጭሩ መዘርዘር ይቻላል። አንደኛ፣ ቅንጣቶቹ ሳይዘቅጡ መለካት አለበት፤ ከመለካቱም በፊት ፈሳሹን በደንብ ማዋሐድ ይገባዋል። ሁለተኛ፣ ሙቀቱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ አድርጎ መያዝ አለበት። ሦስተኛ፣ ፈሳሹ የሚያልፍበት ክፍተት ቢያንስ ከቅንጣቱ አሥር እጥፍ የሰፋ እንዲሆን ይመከራል፤ አለዚያ የሚለካው ፈሳሹን ሳይሆን የቅንጣቶቹን መጨናነቅ ይሆናል። አራተኛ፣ ፈሳሹ በመሣሪያው ግድግዳ ላይ እንዳይንሸራተት መከላከል ያስፈልጋል፤ ለዚህም አንዳንድ ጊዜ የሲሊንደሩ ገጽ ሻካራ ተደርጎ ይሠራል። አምስተኛ፣ በአንድ ፍጥነት ብቻ ሳይሆን በልዩ ልዩ ፍጥነቶች መለካት አለበት። ደም ሲሆን ደግሞ እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት መጨመር ግድ ነው።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን አስፈለገ? የሰው ሕይወት የሚመለከት ጉዳይ ስለሆነ ነው። ቀይ ሕዋሳት ኦክሲጅን ተሸካሚዎች ናቸው። በበዙ መጠን ደም ብዙ ኦክሲጅን ይይዛል፤ ነገር ግን በዚያው መጠን ይወፍራል፤ ልብም እርሱን ለመግፋት ይደክማል። በተቅማጥና በትውከት ብዙ ውሃ ያጣ ሰው ደሙ የሚወፍረው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ውሃው ሲቀንስ የሕዋሳቱ ድርሻ ይጨምራልና። ለእንዲህ ዓይነቱ ሕመምተኛ ፈሳሽ ቶሎ መስጠት የሚያስፈልግበትም አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ነገሩ ይበልጥ ጎልቶ የሚታየው በከፍተኛ ቦታዎች ላይ ነው። በተራራ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክሲጅን ያንሳል። በደቡብ አሜሪካ በአንዲስ ተራሮች የሚኖሩ ብዙ ሰዎች ሰውነታቸው ይህን ጉድለት ለማካካስ ቀይ ሕዋሳትን ያበዛል። ማካካሻው መጠኑን ሲያልፍ ግን ራሱ በሽታ ይሆናል። በ1925 የፔሩ ሐኪም ካርሎስ ሞንሄ ይህን በሽታ ለሕክምናው ዓለም አስተዋወቀ። በሽተኛው ራሱን ያመዋል፤ ያዞረዋል፤ ቶሎ ይደክመዋል። ከሕክምናው ዘዴዎች አንዱ ደም ቀንሶ ማውጣት ሲሆን፣ ሌላው ሰውየው ወደ ዝቅተኛ ቦታ እንዲወርድ ማድረግ ነው።

በአገራችን ደጋዎችስ? በ2002 በታተመ ጥናት በስሜን ተራሮች በ3530 ሜትር ከፍታ ላይ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ደም ተመርምሮ ነበር። ኦክሲጅን የሚሸከመው የቀይ ሕዋስ ክፍል ሄሞግሎቢን ይባላል። የእርሱ መጠን በአማካይ በአንድ ዴሲ ሊትር ደም ውስጥ በወንዶች 15.9 ግራም፣ በሴቶች 15 ግራም ሆኖ ተገኘ። ይህም በባሕር ዳርቻ ከሚኖሩ ሰዎች መጠን ያልወጣ ነው። የደማቸው የኦክሲጅን ይዘትም ለከፍታው ከሚጠበቀው የተሻለ ነበር። ከዚህ እንደምንረዳው፣ ሰውነት ከከፍታ ጋር የሚላመድበት መንገድ በሁሉም ሕዝብ ዘንድ አንድ አይደለም። የስሜን ነዋሪዎች ደማቸውን ሳያበዙና ሳያወፍሩ በከፍታው ላይ የሚኖሩበት ሌላ መንገድ አላቸው።

በመጨረሻም፣ አንድ ቁጥር ብቻውን ምስክር ሊሆን አይችልም። «የዚህ ድፍርስ ፈሳሽ ዝልግልግነት አራት ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር ሰዋስዉ የተሟላ ቢሆንም ትርጉሙ ጎዶሎ ነው። በስንት ዲግሪ ሙቀት? ምን ያህል ቅንጣት ይዞ? በምን ያህል ፍጥነት እየፈሰሰ? በምን ያህል ክፍተት ውስጥ? እነዚህ አራት ጥያቄዎች ሲመለሱ ቁጥሩ ሙሉ ትርጉም ያገኛል፤ ሐኪሙም ሆነ መሐንዲሱ ሊመካበት ይችላል። ስለዚህ ጠንቃቃ ለኪ ቁጥሩን ብቻ ጽፎ አያልፍም፤ እንዴት እንዳገኘው አብሮ ይጽፋል።